ከእንሰት ጓሮ የተባረረችው ሴት

ያልተናገረችውን ተናገርሽ ተብላ ከሥራዋም ከሰውም የተባረረች ሴት ነበረች። የተናገረችው ሌላ ናት። ያቺ ሌላዋ ስድቡ ሲወርድ እየሰማች አፏን ዘግታ ዝም አለች። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በደል ይኸው ነው። የልጅ ልጆቼ «ሰው ሲያረጅ ይቅር ይላል» ይሉኛል። ይቅር ለማለት መጀመሪያ በድያለሁ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩ የሆነው ቡታጅራ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ። እኔ ያኔ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበርኩ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ነው። አማርኛም የአገሬውንም ቋንቋ እናገራለሁ። ክርስቲያን ብሆንም በመስቃን ገጠር ባሉ የሙስሊም ቤቶች እንደ ቤቴ ወጣ ገባ እል ነበር።

ከገበያው በላይ በነበረችው ትንሽ ክሊኒክ ከአዲስ አበባ የመጣች ነርስ ትሠራ ነበር። ያኔ ነርስ ሁሉ ሲስተር ይባል ስለነበር እኛም ሲስተር እንላት ነበር። እኔ ከዚህች ሴት ጋር የተዋደድኩት በክረምት ነው። ልጄ በትኩሳት ሲነድ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት በደረሰበት ወቅት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቤቴ ድረስ መጣች። ልጄን በጀርባዋ አዝላ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ፋሲካን ቤቴ ነበር የምትፈስከው። እህት የለኝም ነበር፤ እሷን እህት አደረግሁ።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። «እትዬ፣ ወደ እኔ የሚያመጧቸው ጎረምሶችና ልጃገረዶች አሉ። አንዱ አዲስ አበባ ጫማ ሊጠርግ ሄዶ ሲመለስ ሰው አላናግርም ብሏል። ሌላዋ ሠርጓ ሲቃረብ ትወድቃለች። እኔ መርፌ እወጋቸዋለሁ፣ ወደዚያው ቤት ይመለሳሉ። ቤቱን ማን ያክመው?»

«ቤት ይታከማል እንዴ?»

«ሴቶች ፈልጊልኝ። እየሄዱ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀመጡ። አንቺ አሠልጥኛቸው፣ አንቺ ተቆጣጠሪያቸው።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። አምስት ሴቶች መረጥኩ። ከተማው «የሲስተር ሴቶች» ብሎ ስም አወጣልን።

ሥልጠናው በክሊኒኩ ጓሮ ከዛፍ ሥር ነበር። ወረቀት አልነበረንም፤ ከአምስቱ ሦስቱ ፊደል አያውቁም። እኔ የባሌን ጋቢ ደርቤ፣ ዱላውን ይዤ፣ አባት ሆኜ እቀመጣለሁ። እነሱ ተራ በተራ እየገቡ ያናግሩኛል። መጀመሪያ የገባችው የባለ ወፍጮው ሚስት ነበረች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጅዎ አብዷል አሉ» አለች።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔ ዱላዬን አነሣሁ። «ውጪ! ልጄን ያሳበድሽው አንቺ ነሽ፣ አሁን፣ በሬ ላይ ቆመሽ!»

«ታዲያ ምን ልበል እትዬ?»

«ስለ በርበሬው ጠይቂው። ዝናቡን እሚው። ልጁ ወደተኛበት ጥግ አትመልከቺ። አንቺ ካላየሽው እሱ ያይሻል።»

«ባሌ እንኳ እንዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም» ብላ ወጣች፤ ደግሞ ገባች።

የተጨነቀን ልጅ በአባቱ ፊት ምን ሆንክ ብሎ መጠየቅ እንደማይገባ አስተማርኳቸው። ዛር ነው፣ ቡዳ ነው፣ እብደት ነው ብሎ ስም መለጠፍም እንደዚሁ። ከሁሉ በላይ ግን ያጠበቅሁት ከቤት የተሰማ ነገር ከቤት እንዳይወጣ ነው። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ግቢ ተሰብስበው የከበዳቸውን ያወራሉ፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይነገርም። አንዷ «ያቺ በሯ ላይ ዝግባ ያላት ሴት...» ብላ ስትጀምር ጉልበቷን መታሁት። «ስሟን ጨርሺልና! በዚህ አገር ዝግባ ብለሽ ማን የማያውቅ አለ?» ለዚህ ደንብ አንድ በር ብቻ ተውንለት። የልጁን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከተሰማ ጎብኚዋ ለእኔ ትነግራለች፣ እኔ ለሲስተር። ሲስተር ለማን እንደምትነግር አላሰብንም። እሷ የመጨረሻዋ ናት ብለን ነበር።

ከአምስቱ ታናሿ ባሏ የሞተባት ልጅ እግር ሴት ነበረች። ልጅ አልወለደችም። የእናቷ ዘመዶች በተራራው ማዶ አታት አካባቢ ነበሩ። እዚህ ያላት ባሏ የተወላት ጎጆና ከጎጆው ጀርባ ያለ የእንሰት ማሳ ነው። ንግግር አታበዛም። ሌሎቹ ቤት ገብተው ምክር ለመስጠት ሲጣደፉ እሷ ረፋዱን ሙሉ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እናቶቹ እሷን መልሰሽ ላኪልን ይሉኝ ነበር።

ለዚህ ነው የበርበሬ ነጋዴውን ቤት ለእሷ የሰጠሁት።

ነጋዴው በመስቃን የታወቀ ሙስሊም ነው፤ ደግ ግን ግትር። ሴት ልጁን ወልቂጤ ላለ የንግድ ወዳጁ ሊድር ቃል ሰጥቷል። ልጅቷ ቃሉ ከተሰጠ ጀምሮ መናገር አቆመች። ቆጮውን ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ድምፅ ግን የላትም። አባትየው ኩርፊያ ነው አለ። አያቷ ዓይን በልቷት ነው አሉ። እናትየው ክሊኒክ ይዛት መጣች፤ ሲስተርም ወደ እኔ መራቻት።

እዚህ ላይ የእንሰት ፍቂያን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገር። እንሰት ሲደርስ ሴቶች ተጠራርተው በአንዷ ጓሮ ይሰበሰባሉ። ሳንቃው በዘንበልታ ይቆማል። ሴቲቱ ከፊቱ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ በተረከዟ ልጡን ትይዛለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። ቀሚስ ይሰበሰባል፣ ጭን ይታያል። ስለዚህ ወንድ ወደዚያ ድርሽ አይልም። ባል እንኳ ሚስቱን ቢፈልግ ከሩቅ ይጣራል። ወንድ ስለማይሰማ ሴቶች በዚያ ጓሮ ሁሉን ይናገራሉ፤ በዚያ የተባለውም እዚያው ይቀራል። ነገር ያወጣች ሴት ሁለተኛ አትጠራም። ያልተጠራች ደግሞ እሷም ስትጠራ የሚመጣላት የለም። ብቻዋን የምትፍቅ ሴት ቆጮዋን ማብላያ ጉድጓድ ሳታደርስ ታልቃለች።

ታናሿ ነገሩን የጀመረችው እዚያ ጓሮ ነው። ከልጅቷ ጎን ሳንቃ አቆመችና ዝም ብላ ትፍቅ ጀመር። እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን ሳንቃ ላይ ነው፤ ማንም ማንንም አያይም። በተደጋጋሚ ሄደች። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ሴቶች ገና ሳይመጡ፣ ልጅቷ መፋቂያዋን ሳታቆም፣ «ሁለት ጊዜ ወንዝ ወርጃለሁ» አለች። «ሁለተኛው ጊዜ እናቴ በቀሚሴ ይዛ መለሰችኝ።»

እናትየው ከጀርባዋ ሆና ሰማች። ይህን ነገር ከባሏ ደብቃ ለብቻዋ ተሸክማው ነበር። ሦስቱም እዚያው ጭማቂው መሐል ተቃቅፈው አለቀሱ አለችኝ ታናሿ።

ደንባችን ነውና ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔ ለሲስተር ነገርኩ። ሲስተርም አለቀሰች፤ እንባዋ የውሸት አልነበረም። መከርን። እናትየው የወንዙን ነገር ሳታነሣ ልጅቷ መታመሟን ብቻ ለባሏ ታላቅ እህት እንድትነግር፣ አክስትየዋም ልጅቷ እስክትጠና ጋብቻው ይቆይ ብላ እንድትለምን። ምክሩን ታናሿ እንደ ራሷ አድርጋ ለእናትየው አደረሰች፤ አክስትየዋም ለመነች። ነጋዴው ሲያጉረመርም ሰንብቶ፣ «ኢንሻአላህ ከመኸር በኋላ እናያለን» አለ። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት አባቷን «እንዴት አደርክ» ማለት ጀመረች። በዚያ ሰሞን ከእኔ የበለጠ የታደለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሲስተር ለስብሰባ ወደ ወልቂጤ ተጠርታ ሄዳ ተመለሰች። «ሥራችንን እዚያም ሊከፍቱት ነው፣ ሹማምንቱ ወደዱት» ብላ አቀፈችኝ።

ብዙ ሳይቆይ የሙሽራው ሽማግሌዎች ከወልቂጤ መጡ። ተቀመጡ እንጂ አልበሉም። «እኛ የጠየቅነው ጤነኛ ልጅ ነው። ወንዝ የሚጠራት ልጅ ለልጃችን አትሆንም» ብለው ቃሉን አፍርሰው ሄዱ። በገበያው የበርበሬ ተራ ውስጥ አንዱ ነጋዴ ሌላውን ይጠቅስ ጀመር። «ሚዛኑን ተወውና ልጅህን ጠብቅ፣ ወንዙ ሞልቷል» ያሉትም አሉ። አባትየው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን፣ «ልጄ ልትሞት ነበር፣ የነገረኝ ገበያ ነው!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ልጅቷን አዲስ አበባ ያለች ሌላ አክስቷ ዘንድ ላካት። ስትሄድ ድምፅ አልነበራትም።

ለእናትየው ሒሳቡ ቀላል ነበር። ጓሮው ውስጥ የነበሩት እሷ፣ ልጇና ታናሿ ናቸው። እሷ አልተናገረችም፤ ልጇ አልተናገረችም።

በቀጣዩ ፍቂያ እኔም ነበርኩ። ታናሿ መፋቂያዋን ይዛ ስትገባ እናትየው ብድግ አለች።

«ምን ልትለቅሚ መጣሽ?»

«እህቴ፣ እኔ አልተናገርኩም። ወላሂ በይ ብትይኝ እላለሁ።»

«በአላህ ስም አትጫወቺ! መፋቂያሽን ለምላስሽ አድርጊው!»

ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ተነሥተው ሳንቃቸውን ከእሷ ወዲያ አዞሩ። ታናሿ መሐል ላይ ቆማ ቀረች። ወደ እኔ አየች። «እኔ አውቃታለሁ፣ አልተናገረችም!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት አሮጊት «ካላወቅሽ ዝም በይ፣ የከተማ ሴት» አሉኝ።

በሳምንቱ ሲስተር ሁላችንንም ሰበሰበች። ታናሿን ከፊት አቁማ፣ «ምስጢር ያወጣች ሴት ከእኛ ጋር አትሠራም» አለች። ድምፅዋ እርጋታ ነበረው። ታናሿ የክሊኒኩን ነጭ ሽርጥ ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ ወንበሩ ላይ አኑራ ወጣች።

እውነቱን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። ከወልቂጤ የመጣች አንዲት እንግዳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ የሲስተር ወዳጅ መሆኔን ሰምታ ልታመሰግነኝ ፈለገች።

«ያቺ ነርሳችሁ እንዴት ያለች ተናጋሪ ናት! አዳራሹን ሁሉ አስለቀሰችው። ስለዚያች ስለ በርበሬ ነጋዴው ልጅ ስትናገር።»

«የትኛው የበርበሬ ነጋዴ?»

«የመስቃኑ ነዋ። ወደ እኛ ልትዳር የነበረችው፣ ወንዝ የወረደችው። እናቷ በቀሚሷ ይዛ የመለሰቻት። የሙሽራው ወንድም እኮ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ።»

የሟችን ቤተሰብ ሳልሰናበት ተነሣሁ።

ሲስተር ክሊኒኩ ውስጥ መርፌ ትቀቅል ነበር። «አንቺ ነሽ የተናገርሽው» አልኳት።

አልካደችም። «ስም አልጠራሁም» አለች።

«የመስቃን የበርበሬ ነጋዴ፣ ወልቂጤ ሊድር የነበረ! ከዚህ በላይ ምን ስም አለ? የአባቱን መቃብር ልታሳዪያቸው ኖሯል?»

«ሹማምንቱ ሥራው ምን እንደሆነ አልገባቸውም ነበር እትዬ። አንድ ልጅ ማሳየት ነበረብኝ። እነዚያ ሰዎች ለአንድ ልጅ ካላለቀሱ ለብዙዎቹ በር አይከፍቱም።»

«እሺ፣ አሳየሽ። ሽርጧን ስታስፈቺያትስ? እሷ እንዳልሆነች እያወቅሽ!»

መርፌዎቹን ትቆጥር ጀመር። «ክሊኒኩ ነው ያወጣው ከተባለ ማን ልጁን ያመጣል? ጎብኚ ትተካለች። ክሊኒክ አይተካም። አንቺ ይሄ ይጠፋሻል?»

«የጠፋኝስ እህቴ መሆንሽ ነው» ብዬ ወጣሁ። በዚያው ሥራውን ተውኩት።

መሄድ ያለብኝ ወደ ሽማግሌዎች ነው አልኩ። ከነጋዴው ሰፈር ፊት ለፊት በሚሰፋው የሣር ሜዳ ተቀምጠው ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ ተናገርኩ። እንሰት ጓሮ ስደርስ አንዱ አዛውንት እጃቸውን አነሡ።

«በቃ ልጄ። ይሄ ከፍቂያ የወጣ ነገር ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲያው እኛ ልንሰማው አንችልም። ወንድ የፍቂያን ነገር አይዳኝም።»

«አባቶቼ፣ ገበያው ሁሉ ሰምቶት የለም እንዴ! በርበሬ ተራ ውስጥ ስትሳሳቁበት ወንድ አልነበራችሁም?»

አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አዛውንቱ ግን አልተበገሩም። «የሴቶቹን ነገር ሴቶቹ ይጨርሱት። ደንቡን የሠራነው እኛ አይደለንም።» ሴቷን የሚጠብቃት ደንብ በሯን ዘጋባት። ስመለስ በመንገድ ላይ አለቀስኩ፤ በንዴት ነው።

ወደ እናትየው ሄድኩ። አስገባችኝ፤ ውኃ ሰጠችኝ። የሰማሁትን ሁሉ፣ ነገሩ በደንባችን ለእኔና ለሲስተር ብቻ መድረሱንም፣ ነገርኳት።

«አንቺ የዚያች የጎብኚዋ ወዳጅ ነሽ፣ ለእሷ ትይዣለሽ» አለችኝ።

«እውነት ነው የነገርኩሽ።»

«ይሆናል። ግን ያቺ ነርስ ራሷ ትምጣ። እዚህ ጓሮ፣ ሴቶቹ ባሉበት፣ እኔ ነኝ ትበለኝ። ከዚያ ያባረርኳትን ሴት እኔ ራሴ ሄጄ እጠራታለሁ። ሳንቃዋን ከሳንቃዬ ጎን አቆማለሁ። ወላሂ።»

እንግዲህ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦ አንዲት ሴት መጥታ አንድ ቃል እንድትናገር። በታናሿ ማሳ እንሰቱ ደርሶ ነበር። እኔና ሴት ልጄ ሄደን አብረናት ለመፋቅ ሞከርን፤ የከተማ እጅ ነውና ግማሹን አበላሸነው። ታናሿ ሳቀች፣ ከዚያ ሳንቃውን አስተኛችው። «ይተዉት እትዬ። ወደ እናቴ ዘመዶች እሄዳለሁ» አለችኝ። እስክመለስ ጠብቂኝ አልኳት።

ሲስተር ያኔ ወደ ወልቂጤ ተዛውራለች፤ እድገት ነው ተብሏል። በተራራው በኩል ወልቂጤ ሩቅ አይደለም፤ ግን መኪና አይሄድበትም ነበር። በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አዲስ አበባ ወጣሁ፤ ከዘመድ ቤት አደርኩ፤ በማግሥቱ በጅማ መንገድ አውቶቡስ ወረድኩ። እሷ ያለችበትን ያልጠየቅሁት ሰው የለም።

ሳገኛት በቆርቆሮ በረንዳ ሥር ሴቶች ከብበዋት ነበር። ትከሻዋ ላይ ጋቢ፣ እጇ ላይ ዱላ። «እኔ አባት ነኝ! ውጪልኝ!» ትላለች፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። የእኔን ንግግር ቃል በቃል ታውቀዋለች። አጥሩ ጥግ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ሴቶቹ ሲበተኑ አየችኝና ዱላውን አስቀመጠች።

«እትዬ! መቼ መጣሽ? ግቢ፣ ምሳ...»

«አልበላም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

እናትየው ያለችውን ነገርኳት። እየሰማች ጋቢውን አጣጠፈች።

«አልችልም» አለች። «እዚህ ገና መጀመሬ ነው። ይህን ከሰሙ የሚያምነኝ ቤት አይኖርም።»

«የሚያምንሽ ቤት አይገባሽማ!»

«ደግሞ አስቢው እስቲ። ልጅቷ ከዚያ ጋብቻ ዳነች። ምን ሆነች?»

«አክስቷ ቤት ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች፤ የሆነችው ይህን ነው። አባቷ ሊያቆይላት ነበር እኮ። ቀስ ብሎ፣ በገዛ አፉ። መጀመሪያ ሊነጥቃት የነበረው ወንዙ ነው፤ የነጠቃት ግን ያንቺ ንግግር ነው። እሺ፣ ይህንንም ልተውልሽ። አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ። ለሥራው ብለሽ ተናገርሽ። ለክሊኒኩ ብለሽ ዝም አልሽ። ሌላ ማላከኪያ ልታገኚ ትችይ ነበር። ሾፌሩ ነው፣ ገበያው ነው፣ አላውቅም ልትዪ ትችይ ነበር። ለምን ያቺን ታናሿን ከፊት አቆምሻት? ለምን እሷን?»

የበረንዳውን ምሰሶ ይዛ ወደ መንገዱ ተመለከተች። እኔ ከዚያ ንቅንቅ እንደማልል ታውቃለች፤ ፋሲካን ቤቴ የፈሰከች ሴት ናት። በመጨረሻ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር መለሰችልኝ።

«ባል የላት፣ ወንድም የላት» አለች። «ማን ይሟገትላታል ብዬ ነው።»